ሻካሯ እና ጫፉ የተሰበረው ቢላ

ሻካሯ ሰው ስትመታ በዱላ አትመታም፣ በጥፊም አትመታም፤ የምትመታው በድንጋይ ነው። ድንጋዩም ከመንገድ ዳር የተለቀመ ኮረት እንዳይመስላችሁ። እንደ ጡብ አራት ማዕዘን የሆነ፣ አሸዋማ፣ ገንዳ ውስጥ ሲገባ እንደ ተጠማ በሬ ውሃ የሚምግ የቢላ መሳያ ነው። የሥጋ ገበያው ሰዎች ድንጋዩን «ሻካራው» ይሉታል፤ ባለድንጋይዋን ደግሞ «ሻካሯ»። ትክክለኛ ስሟን የሚያውቅ በአዳራሹ ውስጥ የለም፤ የሚያስፈልገውም የለም። «ሻካሯ!» ብሎ የጠራ ሁሉ «ምን ሆንክ?» የሚል መልስ ያገኛል፤ መልሱም ከመልስነቱ ይልቅ ዛቻነቱ ያመዝናል።

ቦታዋ በአዳራሹ ጫፍ፣ ከቧንቧው አጠገብ ነው። አንድ ዝቅ ያለ በርጩማ፣ ሰፊ የቆርቆሮ ገንዳ፣ ድንጋዩ እንዳይንሸራተት እርጥብ ጨርቅ የተነጠፈበት ሳንቃ፤ ሀብቷ ይኸው ነው። ከሻካራው ሌላ ለስላሳ ድንጋይም አላት። «ሻካራው ብረት ይበላል፣ ለስላሳው ብረት ያባብላል» ትላለች። የደነዘ፣ አፉ የተሸረፈ፣ አጥንት የጎዳው ቢላ ሁሉ መጀመሪያ ሻካራው ላይ ይወጣል። ድምፁ ሲሰማ ጥርስ ያፋጫል፤ ግርር፣ ግርር። አዲስ የመጣ ሥጋ ገዢ ይሰቀጥጠዋል። ሻካሯ ግን በዚያ ድምፅ ነው ያደገችው።

የአባቷም ሥራ ቢላ መሳል ነበር። ያስተማራት በኩርኩም ነው። ቢላውን አጋድማ ከያዘች ኩርኩም፣ አቁማ ከያዘች ኩርኩም። «ጀርባውን በትንሿ ጣትሽ ውፍረት ብቻ አንሺው ብዬሻለሁ!» ይልና በቢላው እጀታ ያችኑ ትንሿን ጣት ይመታታል። የግራ እጇ ትንሽ ጣት እስከ ዛሬ እንደ ሥጋ መስቀያ ሜንጦ የታጠፈች ናት። ድንጋዩ አረፋ መትፋቱን ሳይጨርስ ከውሃ ካወጣችው ጥፊ። ስትስል የሚወጣውን ጥቁር ጭቃ በውሃ ካጠበችው ደግሞ ጥፊና ስድብ፤ «የሚስለው ጭቃው ነው እኮ፣ አንቺ ደረቅ!» ድንጋዩ መሐሉ ከጎደጎደ ደጃፉ ላይ ካለው ሲሚንቶ ጋር በአሸዋና በውሃ እያፋጨች ደልደል እስኪል ድረስ ምሳ የለም።

አንድ ቀን አባትየው እጀታውን ሲያነሳ ልጅቷ እጇን አልሸሸገችም። አንገቷን ዘርግታ ክንዱን ነከሰችው። ነከሰችው ማለት ዝም ብሎ ነከስ አይደለም፤ ጎረቤት መጥቶ በማንኪያ ነው መንጋጋዋን ፈልቅቆ ያላቀቀው። አባቷ ከዚያ በኋላ በአፉ ብቻ አስተማራት። አስተማሪነቱም በጣም ተሻሻለ ይባላል።

ባሏም ያው ዕጣ ደርሶታል። ከመታረጃው ሙሉ በሬ እየተሸከመ የሚያወርድ፣ «ክሬኑ» የሚሉት ግዙፍ ሰው ነበር። በተጋቡ ሰሞን አንድ ምሽት ሾርባው ቀዝቅዟል ብሎ በጥፊ አጮላት። ሻካሯ ማታ ማታ ከነድንጋዩ ወደ ቤት ወደምትመልሰው ገንዳ ዞረች፣ ሻካራውን ከነውሃው አነሳች፣ ዞር ብላ አፉ ላይ አሳረፈችው። ክሬኑ እንደ ተቆረጠ ዛፍ ወደቀ፤ ሁለት የፊት ጥርሶቹ ገንዳው ውስጥ ተገኙ። በመሐረብ ጠቅልላ ራስጌው አኖረችለትና ሾርባውን አሞቀችለት። ከዚያ ወዲያ እስኪሞት ድረስ አንድም ቀን ክፉ ቃል ተለዋውጠው አያውቁም። እሱ ራሱ ታሪኩን እያወራ ይስቅ ነበር፤ «ሌላው ሰው ሲያገባ ፀጉሩን ያጣል፤ እኔ ግን ጥርሴን አጥቼ ሰላም አገኘሁ!» ይል ነበር፣ «ሰላም»ን በዚያ በጎደለ አፉ እያፏጨ።

አንዲት ልጅ ወለዱ። ልጅቷ በአባቷ ወጣች፤ ያውም ጥርሱን ካጣ በኋላ በነበረው አባቷ። ዝንብ እንኳ «ይቅርታ» ብላ የምታባርር ናት። ሻካሯ መሳሉን አስተማረቻት፤ መምታቱን ግን ሳታስተምራት ቀረች። እንዴት ያስተምሩታል? እሷ ራሷ የተማረችው ተመትታ ነው፣ ልጇን ደግሞ መትታ አታውቅም።

አሁን «ወይፈኑ» ወደሚሉት ሰው እንምጣ። ወይፈኑ ሥጋ ሻጭ ነው፤ መደብሩ ከሻካሯ በርጩማ ፊት ለፊት፣ አዳራሹን አቋርጦ ነው። አንገቱና ትከሻው አንድ ላይ የበቀሉ፣ ዝምተኛ፣ ንጹሕ ሰው። ሻካሯ ሰውን የምትመዝነው በሚያመጣላት ቢላ ነው። አንዱ አፉ የዘነዘና ያህል የደነዘ ያመጣል፤ እሱ ሰነፍ ነው። አንዱ ግማሽ ጨረቃ ግማሽ ጨረቃ እየሆነ የተሸረፈ ያመጣል፤ እሱ አጥንት በቢላ የሚፈልጥ ቁጡ ነው። ወይፈኑ ግን ሁልጊዜ የታጠበ፣ የደረቀ፣ አፉ ከእጀታው እስከ ጫፉ እኩል የተበላ ቢላ ያመጣል። ሻካሯ ያንን ቢላ በያዘች ቁጥር ሆዷ ይባባል።

አንድ ቀን አዳራሹ ውስጥ ጠብ ተነሳ። ጠብ ብርቅ አይደለም፤ ሥጋ ሻጭና ሥጋ ሻጭ በሜንጦ ሲፋለጡ፣ ተሸካሚና ተሸካሚ በቴስታ ሲጋጩ ማየት የተለመደ ነው። የዚያን ቀን ግን አንድ ተሸካሚ የወይፈኑን ሽርጥ ረገጠበት። ወይፈኑ ቢላውን ጠረገ። አፉን ወደ ግድግዳው አዙሮ ከሌሎቹ ጋር አስተካክሎ አስቀመጠ። ሽርጡን ፈትቶ ሰቀለ። ከዚያ ሄዶ የሰውየውን መንጋጋ በአንድ ቡጢ አወለቀ፤ ሲወድቅ ጎድኑን ረገጠው፣ ደገመው፣ ሠለሰው፤ የጎድኑ ድምፅ ቧንቧው ድረስ ተሰማ። ተመልሶ እጁን ታጥቦ ሽርጡን አጠለቀ።

«አየኸው?» አለች ሻካሯ፣ አጠገቧ ለሚሠራው ጉበት ሻጭ። «ቢላውን አስቀምጦ ነው እኮ የመታው! ጨዋ ልጅ!»

ጉበት ሻጩ ሽማግሌ ነው፤ ነገር ሲገባው ቅንድቡን ይቧጥጣል። «እትዬ፣ ቢላውን ነው ያየሽው ወይስ ሰውየውን?»

«ምን ልዩነት አለው?»

«አይ እንግዲህ…» አለ፣ ቅንድቡን እየቧጠጠ።

ወይፈኑ ልጇን ለጋብቻ ሲጠይቅ ሻካሯ ሁለት ጊዜ አላሰበችም። ልጅቷ «እማ፣ ዐይኑ ያስፈራኛል» ብትል «ዐይን ምን ያደርጋል፣ እጁን እዪ!» አለቻት። ሠርጉ አለፈ። ቤታቸው ከገበያው ጀርባ፣ አንደኛ ፎቅ ላይ ነው። የመኝታ ቤቱን በር ሻካሯ ራሷ ናት ሰማያዊ የቀባችው፤ ቀለሙ ተርፎ ነበርና የገንዳዋንም እግር ቀባችበት። ለአዲሷ ሙሽራም ሰፊ የኩሽና ቢላ ሰጠቻት፣ በገዛ እጇ የተሳለ።

ከዚያ ወዲህ ልጅቷ በሙቀትም እጅጌ ረጅም ልብስ መልበስ ጀመረች። ጎረቤት ሰማ፤ አዳራሹ ሰማ፤ ጉበት ሻጩ ቅንድቡን ሊጨርሰው ደረሰ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ሻካሯ ብቻ አልሰማችም። ማን ይንገራት? ድንጋዩ እዚያው ገንዳው ውስጥ ነው እኮ!

ታዲያ ከሠርጉ ሁለት ዓመት በኋላ፣ አንድ ጠዋት ልጅቷ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዛ መጣች።

«እንዴት አደርሽ እማ?»

«ምን ሆነሽ ነው? ፊትሽ እንደ ታጠበ ሥጋ ነጥቷል።»

«ምንም። ቢላዬ ወድቆ ጫፉ ተሰበረ። ትሠሪልኛለሽ?»

ሻካሯ ጨርቁን ገለጠች። የሰጠቻት ቢላ ነው። ከጫፉ የአውራ ጣት ጥፍር ያህል ተቆርጦ ሄዷል። ወደ ብርሃን አንስታ በአንድ ዐይኗ አየችው።

«ምን ላይ ነው የወደቀው?»

«ሲሚንቶ ላይ።»

«ሲሚንቶ ላይ የወደቀ ቢላ አፍንጫው ይጠመዘዛል፤ ቢበዛ እንደ ሰሊጥ ፍሬ ያህል ይረግፋል። ይሄ ተቀርቅሮ ነው። እዪው፣ ከስብራቱ በላይ ጎኑ ዘምሟል። የሆነ ነገር ውስጥ ገብቶ፣ አንድ ሰው ወደ ጎን ጎትቶታል።»

«እማ፣ እኔ እዚህ የመጣሁት ለምርመራ አይደለም።» ጨርቁን ወደ ራሷ ሳበች። «ከሠራሽልኝ ሥሪልኝ። ለምሳ ይፈልገዋል።»

«ማነው የሚፈልገው?»

«እሱ ነዋ። ‹ለእናትሽ ወስደሽ አሠሪው፣ ለምሳ ስመጣ ተስሎ ልየው› ብሏል።»

ሻካሯ ቀና ብላ ልጇን አየች። ብትጠይቃት ኖሮ፣ እጇን ይዛ እጅጌዋን ብትገልጠው ኖሮ! ግን የተሰበረ ቢላ እጇ ላይ ነበር፤ የተሰበረ ቢላ እጇ ላይ ሲሆን ደግሞ ሻካሯ ሌላ ጆሮ የላትም።

ሻካራውን ከገንዳው አወጣችው። ጀማሪ የተሰበረ ጫፍ ሲያገኝ አፉን ነው የሚፈጨው፤ ስለቱን ሁሉ ጨርሶ ይጥለዋል። አዋቂ ግን ጀርባውን ነው ከላይ ወደ ታች የሚያወርደው፣ ጀርባው ሄዶ ከስለቱ ጋር እስኪገናኝና አዲስ ጫፍ እስኪወለድ። ግርር፣ ግርር። ብረቱ እንደ ጥቁር ወተት ይፈስሳል፣ ድንጋዩ ይጠጣል፣ ትጨምርለታለች። ግማሽ መንገድ ላይ ስትደርስ በልቧ «ይሄን ያህል ይበቃዋል፣ ለሽንኩርት ነው» የሚል ሐሳብ መጣላት። እጇ ግን አልሰማም። ከእጇ ግማሽ ስል ቢላ ወጥቶ አያውቅም። ጫፉን እንደ መርፌ አሾለችው። ቀጥሎ ሆዱን ሳለችው፤ በማዶ በኩል ቀጭን የብረት ከንፈር እስኪነሳ፣ ከንፈሩን ለስላሳው ላይ አባብላ እስክታረግፈው። ቲማቲም ላይ አስቀመጠችውና ሳትጫን ሳበችው። ቲማቲሙ ሳያውቅ ለሁለት ተከፈለ።

«ያዥ። ከነጨርቁ ያዥው፣ እጅሽን እንዳይቆርጥሽ።»

ልጅቷ ቢላውን ተቀብላ ትንሽ ቆመች። አፏን ከፈተች። ከዚያ ዘጋችውና ሄደች።

ሻካሯ ድንጋዩን ልታጥብ ጎንበስ አለች። ጭቃው ውስጥ አንድ ነገር አየች፤ ከቢላው ዘምሞ ከነበረው ጎን ተልጦ የወጣ፣ እንደ ዓሣ ቅርፊት የሳሳ ቀለም። በጣቷ አነሳችው። ሰማያዊ ነው። የገንዳዋን እግር አየች። መልሳ ጣቷን አየች።

በር። በር ላይ ነው የተሰካው። የመኝታ ቤቱ በር ላይ። በር ላይ የሚሰካ ቢላ ደግሞ ከበሩ ኋላ ላለ ሰው ነው።

ሌላም ነገር እንደ መዶሻ መታት። ግድግዳ ሙሉ ቢላ ያለው ሥጋ ሻጭ የሚስቱን የኩሽና ቢላ ለምሳ ምን ያደርግለታል? ቀና ብላ አዳራሹን አሻግራ አየች። የወይፈኑ መደብር ባዶ ነው። ሽርጡ ሜንጦው ላይ ተሰቅሏል። ቢላዎቹ ተጠርገው፣ አፋቸው ወደ ግድግዳው ዞሮ፣ አንድ ላይ ተደርድረዋል።

«መቼ ነው የሄደው?» ብላ ጮኸች።

ጉበት ሻጩ ደነገጠ። «አሁን… ልጅሽን ተከትሎ… እትዬ፣ ልነግርሽ ፈልጌ ነበር እኮ…»

«ቅንድብህን ብላ!» ብላው ተፈተለከች።

ድንጋዩ እጇ ላይ መሆኑን ያወቀችው መንገድ ላይ ነው። ውሃው በክንዷ ላይ እየወረደ፣ ቀሚሷን ወደ ላይ ሰብስባ፣ አንድ ጋሪ ገፍታ ገልብጣ፣ አንድ ብስክሌተኛ በክርኗ ጥላ ሮጠች። «እብድ ናት!» አሉ ሰዎች። አልተሳሳቱም።

ደረጃው አናት ላይ ልብስ ሰፊዋ ጎረቤት መርፌ በጥርሷ ነክሳ ቆማለች።

«ውይ እትዬ፣ አሁን አትግቢ፤ ተቆጥቷል» አለች።

«ስንቴ ሰምተሻል?»

«የባልና ሚስት ነገር ነው ብዬ…»

ሻካሯ ገፍትራት አለፈች፤ ልብስ ሰፊዋ መርፌዋን ልትውጠው ምንም አልቀራት።

የውጪው በር አልተቆለፈም። ወይፈኑ ሰማያዊው በር ፊት ለፊት ቆሟል። እጅጌውን ሰብስቧል፤ ቢላውን ሲነጥቃት ልጅቷ መኝታ ቤት ገብታ ቀርቅራበታለች። በሩ ላይ፣ በሰው ጭንቅላት ትክክል፣ የቢላው አሮጌ ጫፍ እንደ ተሰካ ያብለጨልጫል። አዲሱን ጫፍ ደግሞ እሱ በበሩና በመቃኑ መሐል አስገብቶ መቀርቀሪያውን ይፈልጋል። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፤ ልጅ የሚያስተኛ ይመስላል።

«ክፈቺ። እናትሽ ናት የሳለችው እኮ። እናትሽ የሠራችውን ሳታዪው?»



«አስቀምጠው» አለች ሻካሯ።

ዞር አለ። አልደነገጠም። «ደህና ዋሉ እማ። ጥሩ አድርገው ስለውታል፤ እግዜር ይስጥልኝ።»

«አስቀምጠው አልኩህ!»

«እርስዎ ይሂዱ። ይሄ የኔ ቤት ነው።»

«ቤቱ ያንተ ነው፤ ውስጡ ያለችው የኔ ናት!»

ሳቅ አለ። አንድ እርምጃ ወደ እሷ መጣና በግራ እጁ ደረቷን ገፋት። ጀርባዋ ከምድጃው ጋር ተላተመ፤ ድስት ወደቀ። ሻካሯ ተስፈንጥራ ተነሳችና ድንጋዩን በክርኑ ላይ አወረደችው። ወይፈኑ እንደ እውነተኛ ወይፈን አጓራ። ቢላውን ሲያወናጭፍ ክንዷን ከፊቷ አስቀደመች።

መጀመሪያ ምንም አልተሰማትም። ከእጅ አንጓዋ እስከ ክርኗ ድረስ ክንዷ ተከፈተ፤ እንደ ቲማቲሙ፣ ሳያውቅ። ከዚያ ደሙ መጣ። ውስጧ ያለው ያ እርጉም ባለሙያ «እንዴት ያለ ስለት ነው!» ብሎ ሲደነቅ ሰማችው፤ በዚያ ድንጋጤ መሐል እንኳ አፈረች። በራሷ ቢላ፣ በራሷ ጫፍ! እስከ ዛሬ ካፈረችባቸው ነገሮች ሁሉ ይበልጥ የምታፍርበት ይሄ ነው።

ድጋሚ ሲሰነዝር ከስር ገባች። ድንጋዩን በደህናው እጇ ከታች ወደ ላይ አንጓው ላይ አላተመችው። የተሰማው እንደ ደረቅ ጭራሮ የሚሰበር ድምፅ ነው። አጥንቱም ተሰበረ፣ ድንጋዩም ለሁለት ተሰበረ። ቢላው ወለሉ ላይ ተንሿሿ። ሻካሯ በእግሯ ከምድጃው ሥር ሰደደችው።

ግን ወይፈን በአንድ እግሩም ይዋጋል። በግራ እጁ አንገቷን ያዘና ከግድግዳው ጋር አጣበቃት። ከመሬት አነሳት። ግማሹን ድንጋይ ጆሮ ግንዱ ላይ መታችው፤ ደም ወረደው፣ አልለቀቀም። ደገመችው፤ አልለቀቀም። ዐይኑ ከዐይኗ አጠገብ ነው። ልጇ «ያስፈራኛል» ያለችው ዐይን ይሄ ነው፤ አሁን ገና ነው ያየችው። ግማሹ ድንጋይ ከእጇ ወደቀ። ጆሮዋ ውስጥ የቧንቧው ውሃ የሚፈስስ ይመስላታል።

«ልጄ… አትክፈቺ…» ለማለት ፈለገች። የወጣው ሲር የሚል ትንፋሽ ብቻ ነው።

መቀርቀሪያው ተንቋቋ።

ሰማያዊው በር ተከፈተ፤ ልጅቷ ወጣች። ከንፈሯ ተሰንጥቋል፤ በእጇ ካውያ ይዛለች፣ ቀዝቃዛና ከባድ የብረት ካውያ። አልጮኸችም። «ይቅርታ»ም አላለች። በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ የወይፈኑ ማጅራት ላይ ጣለችው።

እጁ ላላ። ሻካሯ ወለሉ ላይ ተዘረጋች፣ አየሩን እንደ ሻካራው ማገችው። ወይፈኑ ቀስ ብሎ ዞረ። ፊቱ ላይ የነበረው ንዴት አልነበረም፤ መገረም ነበር።

«አንቺ?» አለ።

«አዎ፣ እኔ!» ብላ አፍንጫው ላይ ደገመችው። ተንበረከከ። ትከሻውን መታችው። ተደፋ። ጀርባውን መታችው። አሁን መጮህ ጀመረች፤ ቃል የሌለው፣ ሁለት ዓመት የታመቀ ጩኸት፤ በእያንዳንዱ ጩኸት ካውያው ይወርዳል። ጎድኑ ተሰማ። ደም ግድግዳውን ነካ። ካውያው እንደገና ሲነሳ አቅጣጫው ጭንቅላቱ ነበር።

ሻካሯ በዳዴ ሄዳ እግሯን አቀፈቻት። «በቃ! በቃው ልጄ!»

«ልቀቂኝ!»

«እሱ ሞቶ አንቺ ልትታሰሪለት? ለሱ? ስሚኝ፤ ወድቋል። የወደቀ ሰው ከዚህ በላይ አይወድቅም። ስጪኝ።»

ልጅቷ ትንፋሿ እየተቆራረጠ ቆመች። ካውያውን አልሰጠቻትም፤ ምድጃው ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ የእናቷን ክንድ አየችና አንሶላ ቀድዳ ማሰር ጀመረች።

ያን ጊዜ ነው ሠፈሩ ጆሮ ያበቀለው። «ያገር ያለህ!» እያለ ሁሉም ገባ። ልብስ ሰፊዋ ወለሉን አየችና አፏን ያዘች። «ኧረ ምን ጉድ ነው! በሉ በሉ፣ ትልልቅ ሰዎች ይጠሩና በእርቅ ይለቅ፤ ገመናን አደባባይ…»

«ገመናው በግድግዳሽ በኩል ሲሰማሽ ከረመ» አለቻት ልጅቷ፣ ቋጠሮውን እያጠበቀች። «አሁን ከመንገዳችን ዞር በይ።»

ልብስ ሰፊዋ ዞር አለች።

ጤና ጣቢያው ውስጥ ነርሷ የሻካሯን ክንድ እየሰፋች ከንፈሯን መጠጠች። «ቁርጡ እንደ መስመር ነው። በምን ቢሆን ነው እንዲህ ያማረ?»

«አትጠይቂኝ» አለች ሻካሯ።

«ሁለቱ ጣቶችሽ እንደ ድሮው የሚጨበጡ አይመስለኝም። ጅማቱ ሄዷል።»

«የቱ ሁለት?» ብላ አየች። ቢላ ስታወርድ የምትጫንባቸው ናቸው። ዐይኗን ወደ ጣሪያው መለሰች።

ወይፈኑ በሌላው ክፍል ያቃስታል፤ አንድ ፖሊስ በሩ ላይ ቆሞለታል። ሌላው ፖሊስ ወደ ሴቶቹ መጣ። ከኋላው የወይፈኑ ታላቅ ወንድም፣ ኮፍያውን በእጁ እያሽከረከረ፣ ከፖሊሱ ቀድሞ ተናገረ።

«እህቴ፣ ተሳስቷል፣ እሱም ያምናል። ቤትሽ ግቢ፣ ሲሻለው እግርሽ ላይ ወድቆ ይቅርታ ይጠይቅሻል። እኔ ዋስ ነኝ። የሥጋ ገበያ ሰው ሁሉ ዋስ ነው።»

«አንተ ዋስ!» ብላ ሻካሯ ተነሳች፣ ከነመርፌው። «ዋስነትህን ክንዴ ላይ ላሳይህ? ና እስቲ…»

«እማ» አለች ልጅቷ።

«እኔ ልንገረው!»

«እማ፣ ተቀመጪ። እኔ ነኝ የምነግረው።»

ሻካሯ ተቀመጠች። በዕድሜዋ «ተቀመጪ» ተብላ የተቀመጠችው ያን ጊዜ ብቻ ሳይሆን አይቀርም፤ ነርሷም መርፌዋን ይዛ ቆማ ታያለች።

ልጅቷ ፖሊሱን ቀና ብላ አይታ ተናገረች። ያስተካከለችው ነገር የለም፤ እንደ መጣላት አወጣችው። መጀመሪያ የመታት በምን ቀን እንደሆነ፣ እጁን ታጥቦ እንደሚመታት፣ ቢላውን በሩ ላይ የሰካው ማታ ለምን እንደነበረ፣ ጠዋት «ለእናትሽ ወስደሽ አሠሪው» ያላት ምን ሊያደርግበት እንደሆነ ነግሯት እንደነበረ። እናቷ ፊት ቆማ ለምን እንዳልተናገረችም ተናገረች፤ «ከተናገርሽ መጀመሪያ እሷን ነው» ብሏት ነበር። ሻካሯ ይሄን ስትሰማ ደህናዋን እጇን አፏ ላይ ጭና ነከሰቻት።

ወንድምየው ኮፍያውን ማሽከርከር አቆመ።

«እሺ» አለ ፖሊሱ ጉሮሮውን ጠርጎ። «ለቃልሽ እንፈልግሻለን። ስትፈለጊ የት ነው የምትገኚው? ቤትሽ?»

ወንድምየው አንድ እርምጃ ቀረበ፤ ሻካሯ ትንፋሿን ዋጠች። ልጅቷ የተሰነጠቀ ከንፈሯን በምላሷ ነካ አደረገች።

«እናቴ ቤት» አለች። «ከዛሬ ጀምሮ።»

ፖሊሱ ራሱን ነቀነቀ፤ ወንድምየው ኮፍያውን ደፍቶ ወጣ። ነርሷ ወደ ስፌቷ ተመለሰች። ሻካሯ መርፌው ሲገባ እንኳ አልጮኸችም፤ ሌላ ነገር ነው ያሳሰባት።

«አልጋው እኮ አንድ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ጠባብ ነው።»

«ይበቃናል።»

«እኔ ደግሞ ተኝቼ እራገጣለሁ። አባትሽን ስንቴ ከአልጋ እንደጣልኩት ታውቂያለሽ?»

«ተራገጪ» አለች ልጅቷ፣ ከንፈሯ እያመማት ፈገግ ብላ። «እኔም እራገጣለሁ።»